ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው መብራት

መኪናዋ ድልድዩ አናት ላይ ለመድረስ ትንሽ ሲቀራት ዝም አለች። ዝም ማለትስ ልማዷ ነው፤ ግማሽ በነዳጅ ግማሽ በባትሪ የምትሄድ ሃይብሪድ ስለሆነች የቀኑን እኩሌታ ድምፅ የላትም። ይሄኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር። እትዬ ሹፌር ነዳጅ መርገጫውን ጫን አደረገችው፤ ምንም። እስከ ወለሉ ረገጠችው፤ አሁንም ምንም። ዳሽቦርዱ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀይ መብራት ቦግ አለ፤ መኪናዋም ትንሽ ተንፏቀቀችና መሃል መንገድ ላይ ተገተረች።

ከኋላ ወንበር የጎረቤት መንትዮችና የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ልጅ፣ ከፊት የራሷ ልጅ ሚጡ ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ደግሞ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ክላክሱን እያንባረቀ ይመጣል።

"እትዬ ሹፌር፣ ደረስን እንዴ?" አለ አንደኛው መንታ።

"ዝም በል! ማንም እንዳይወርድ!" አለችው። አራቱንም ፍሬቻ ላብራ ብትል ጣቷ የምታውቀውን ቁልፍ አጣው። አውቶቡሱ ለጥቂት ተጠምዝዞ በጎናቸው ሲያልፍ መኪናዋ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። የአውቶቡሱ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ከእሷ አልፎ ለዘመድ አዝማዷ የሚተርፍ ስድብ ለቀቀባት።

መኪናዋን አጠፋቻት። ትንፋሿን ሰበሰበች። እንደገና ብታስነሳት፣ እንደ ጨዋ ልጅ ሹልክ ብላ ሄደች! ምንም እንዳልተፈጠረ! ሰው የሚበግነው እንግዲህ በዚህ ነው። የተበላሸ ነገር ተበላሽቶ ይቀመጥ፣ ሰው ይየው፣ ይመስክርበት። ይቺ ግን ጉድ ሠርታ፣ አፏን ጠርጋ ትሄዳለች።

እትዬ ሹፌር የሚለውን ስም ያወጡላት ልጆቹ ናቸው። ጠዋት ከየቤታቸው ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳቸዋለች፣ ከሰዓት በኋላ መልሳ ለየወላጆቻቸው ታስረክባቸዋለች። ሥራዋ ይኼው ነው፤ ትወደዋለች። የሰው ልጅ ይዞ መንዳት ግን እንቁላል ተሸክሞ እንደመሮጥ ነው፤ እጅም ዓይንም ልብም ይፈልጋል። መኪናዋ እንዲህ ስትከዳት ደግሞ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። ሁልጊዜም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ፣ ልጆቹ ሲሞሉ፣ ዳገቱ ላይ። ልጆቹን አድርሳ እስክትጨርስ ጋራዡ ይዘጋል። በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ስታስነሳ ያ ቀይ መብራት የለም። ጠፍቷል። ጋራዥ ይዛት ስትሄድ ሰዎቹ ብልሽት የሚያነበውን ስካነራቸውን ይሰኩና "ምንም ብልሽት የለባትም" ይሏታል። በዚህ ዓይነት ሁለቴ ሄዳ ሁለቴ አፍራ ተመልሳለች።

"ታዲያ አጥፍተሽ ስታስነሻት ተነሳች?" አላት ባሏ በዚያን ዕለት እራት ላይ።

"ተነሳች።"

"እንግዲያው ምን ሆነች ነው የምትይኝ?"

ባሏ ስልክ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ሪስታርት ይለዋል፤ ስሙን የሚያስታውስለት እናቱ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ስልኬ ሰማ አልሰማ አለኝ ብሎ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "አጥፍተህ አብርተኸዋል?" ብሎ ነው። እውነት ለመናገር ከአሥሩ ስምንቱ በዚሁ ይድናል። ሰውየው መድኃኒቱ ስለሠራለት ዓለም ሁሉ በዚያ መድኃኒት የሚድን መሰለው። ቧንቧው ቢያንጠባጥብ ዘግቶ ይከፍተዋል። ሚጡ ብታለቅስ "እስኪ ትንሽ ተኝታ ትነሳ" ይላል። ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ደግ ነው፤ ጣጣውም እሱ ነው።

"ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እይ!" ብላ ስልኳን ሰጠችው። ተቻኩላ ያነሳችው ስለሆነ ጥቁር መሃል ቀይ ጭረት ብቻ ይታያል።

"ይሄ ምንድነው? የሲጋራ እሳት ነው?" ብሎ ሳቀ። ሚጡም ሳቀች። እናትየው ግን ሳትስቅ ወጥ ቤት ገባች። ሳህን እያጠበች ቀኝ እግሯ ወለሉን ይረግጣል፤ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ። "ምናልባት እኔ እሆን?" አለች ለራሷ። "ነዳጅ የረገጥኩ መስሎኝ ፍሬን ረግጬ ይሆን?" ሰው የገዛ እግሩን መጠርጠር ሲጀምር መጥፎ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር ብሏታል። ምግቡም አፈር አፈር ይላታል።

ሪስታርት ግን ጠዋት ጠዋት ቀድሟት እየተነሳ "አንቺ ትንሽ ተኚ፣ መኪናዋን እኔ አሙቄልሽ፣ ዳቦም ገዝቼ እመጣለሁ" ይላታል። ትኩስ ዳቦ ይዞ ሲመለስ ሆዷ ይባባል። የሚያስብላት ባል አላትና በሰላም ቀን ይህን ያህል መነጫነጯ ራሷን ያሳፍራታል።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን አድርሳ ለሦስተኛ ጊዜ ጋራዥ ሄደች። የሃይብሪድ መኪና የሚያየው ሽማግሌው ጋሽ ቮልት ነው። ገና ከበር ሲያያት ፊቱን አጨፈገገ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?"

"ትናንት መሃል መንገድ ላይ ቆመችብኝ፣ ጋሼ። መብራቱም በርቶ ነበር።"

"የታለ መብራቱ?"

"ጠዋት የለም።"

"እንዴት ያለ አስተዋይ መብራት ነው፣ እኔ ጋ ሲመጣ የሚያፍር" አለና ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰካው። እንደ ወትሮው ንጹሕ ሆነ። ዛሬ ምን እንደታየው እንጃ፣ ሌላ ገጽ ከፍቶ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ ተቀይሯል።

"ከቤትሽ ተነስተሽ በትምህርት ቤቱ በኩል እዚህ ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?"

"እኔ እንጃ... ዘጠኝ ቢሆን ነው።"

"ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሥራም አለብኝ። እኔ ላይ መቀለድ ምን ይጠቅምሻል? የዚህች መኪና ብልሽት ከተሰረዘ ወዲህ የሄደችው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ጠዋት ግቢሽ ውስጥ ሰርዘሽው ነው የመጣሽው። ራስሽ እያጠፋሽ እኔን የታለ ትይኛለሽ?"

"እኔ? እኔ ምኑን አውቄው?"

"ታዲያ ጂኒ ነው የሚያጠፋው?"

እትዬ ሹፌር ያኔ ተገለጠላት። ጂኒ እንኳ አይደለም። ከእሷ ቀድሞ የሚነሳ፣ ቁልፉ ያለበትን የሚያውቅ፣ ጣቱ ለእንዲህ ያለ ነገር የተፈጠረ፣ ዳቦ ይዞ የሚመለስ ሰው ነው። ባሌ ነው ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ደግነቱን ሁሉ እያሰበች አንድ በአንድ መረራት።

"ጋሼ፣" አለች በመጨረሻ፣ "ማን እንዳጠፋው እኔ አውቃለሁ፣ ለሱ እኔ አለሁ። እርስዎ አሁን አብረውኝ ድልድዩን ይውጡ።"

"ሞኝሽን ፈልጊ! ስንት መኪና ተደርድሮ!"

"እለምንዎታለሁ። ካልቆመች ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።"

ሽማግሌው ምናልባት በዚህኛው ተስፋ ተታልሎ ይሆናል፣ እያጉረመረመ ገባ። ስካነሩን ጭኑ ላይ አድርጎ የሙቀቱን ቁጥር ያያል። ፀሐዩ ከረር ብሏል። ሜዳው ላይ ሁሉ ሰላም ነው። ዳገቱን ሲጀምሩ ጋሽ ቮልት ማጉረምረሙን ተወ። ትንሽ ቆይቶ "ኧረ ይሄ ነገር እየጋለ ነው" አለ። ከዚያ "ቀስ በይ" አለ። ከዚያ ቀይዋ መብራት ቦግ አለች፣ መኪናዋም ኃይሏ እልም አለ።

"ነዳጁን ስጫት እንጂ!" ብሎ ጮኸ ሽማግሌው።

"እየሰጠኋት ነው! እግሬን ይዩት!"

ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ። መርገጫው ወለሉ ላይ ተለጥፏል። ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ። ጋሽ ቮልት በአንድ እጁ የጣሪያውን እጀታ፣ በሌላው ስካነሩን ሙጭጭ አድርጎ "እናቴ ድረሽ!" አለ። እትዬ ሹፌርን ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣባት። እግሯ ጤነኛ ነው! እግሬ ጤነኛ ነው፣ ጭንቅላቴም ጤነኛ ነው፣ ብላ በዚያ ሁሉ ክላክስ መሃል ደስ አላት። እንዲህ ባለ ቦታ ደስ የሚለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ እሷን ግን ደስ አላት።

ረፍት ሰጥተዋት፣ ቁልቁለቱን እየተንፏቀቁ ጋራዥ ሲመለሱ ጋሽ ቮልት ኮፈኑን ራሱ ከፈተ። የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያዘጋጀው ኢንቨርተር የሚባለው ዕቃ የራሱ ማቀዝቀዣ ውሃ አለው፤ ውሃውን የሚያዞር አንዲት ትንሽ ፓምፕ አለች። ፓምፗን በብሎን መፍቻ እጀታ ኳ ኳ አደረጋት። እርር ብላ ዞረች። ወዲያው ቆመች።

"ይኸውልሽ" አለ፤ ድምፁ ለዝቧል። "ስትፈልግ ትሠራለች፣ ስትፈልግ ትተኛለች። እሷ ስትተኛ ኢንቨርተሩ ይግላል፣ ሲግል መኪናዋ ራሷን ላድን ብላ ኃይሉን ትቆርጣለች። ለራሷ ነው የምታስበው እንጂ ከኋላዋ አውቶቡስ ይምጣ አይምጣ አታውቅም።" ከዚያ መነጽሩን ሲጠርግ ቆየና "ቀደም ብዬ ማየት ነበረብኝ። ተቀየምሽኝ?" አላት።

"ኧረ ምን በወጣዎት!"

"ዕቃው እስኪመጣ እዚሁ ትቆይ። አንድም ሰው እንዳትጭኚባት። ባዶዋንም ቢሆን ያንን ድልድይ እንዳታስቢው፤ ፓምፗ እያለቀላት ነው።"

ቁልፉን ሰጥታው ወጣች። ከሰዓት ልጆቹን በታክሲ አምጥታ ለየወላጆቻቸው አስረከበችና በቀጥታ ወደ ባሏ ሱቅ ሄደች። መንገዱን በሙሉ ለራሷ እያወራች ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያታል።

ሪስታርት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ሆዱ የተዘረገፈ ስልክ ላይ አቀርቅሯል። አንድ ደንበኛ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል።

"መኪናዋን ማሞቅ ማለት መብራቱን ማጥፋት ነው እንዴ?" አለችው ከበር።

ሰው ያላደረገውን ቢጠይቁት "ምን?" ይላል። ሪስታርት ግን "ማን ነገረሽ?" አለ። በቃ። የቀረችው ቅንጣት ተስፋም እዚያው ተነነች።

"ቁጭ በይ" አለና መሳቢያውን ከፍቶ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር አወጣ። "ይቺ ናት። ከመሪው ሥር ትሰኪያታለሽ፣ በስልክ ታዢያታለሽ፣ ይጠፋል። መኪናዋን የሸጠልን ሰውዬ ነግሮኛል እኮ፤ እነዚህ መኪኖች ሴንሰራቸው እንዲሁ ይቀባጥራል። አንቺ ደግሞ ያንን መብራት ባየሽ ቁጥር ቀለምሽ ይጠፋል። እንቅልፍ አጣሽ። ምግብ ተውሽ። መብራቱን ካላየችው ትረጋጋለች ብዬ ነው። ለአንቺ ብዬ!"

"ተረጋጋሁ?"

ሪስታርት የተዘረገፈው ስልክ ላይ መልሶ አቀረቀረ።

"ጠይቄሃለሁ፤ ተረጋጋሁ? እግሬን ስጠረጥር ከረምኩ! የገዛ እግሬን! ያበድኩ መስሎኝ ነበር፣ ሰማህ? መኪናዋ እውነቷን ስትናገር አንተ ጠዋት ጠዋት አፏን ትዘጋለህ። እኔ ስናገር ደግሞ የሲጋራ እሳት ነው ትለኛለህ። ሴንሰሩ ይቀባጥራል፤ እኔስ? እኔም እቀባጥራለሁ?"

"አልወጣኝም እንደሱ።"

"አልወጣህም፤ ግን አልሰማኸኝም! መኪናዋ ፓምፗ አልቆ፣ ዕቃ እስኪመጣላት ጋሽ ቮልት ጋ ቆማለች።"

ደንበኛው ተነስቶ ልብሱን አራገፈና "እኔ ለስልኬ ነገ ብመጣ ይሻላል" ብሎ ውልቅ አለ። ሪስታርት የሄደውን ሰው በዓይኑ ሸኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እሺ፣ በቃ፣ ይሠራል። ግን እባክሽ ለወላጆቹ ይሄን ነገር አታውሪ። አንዴ ከፈሩ ሌላ ሹፌር ይይዛሉ፤ የለፋሽበት ሥራ ውሃ በላው ማለት ነው።"

ጥላው ወጣች። እሷ በልቧ ቆርጣለች፤ ጠዋት ለየወላጁ እውነቱን ተናግሬ ልጆቹን ወይ በታክሲ ወይ በእግር አደርሳቸዋለሁ ብላለች። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብላለች።

ጠዋት ስትነሳ ሪስታርት አልጋው ውስጥ የለም። በር ላይ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ስትወጣ ያየችውን ማመን አቃታት። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ በራቸው ላይ ቆማለች። መንትዮቹ በተለመደው ቦታቸው ኋላ ተቀምጠዋል። የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ልጅም አጠገባቸው ነው። ሚጡ ከፊት ሆና ቀበቶዋን ታስራለች። የመንትዮቹ እናት ደግሞ የአንዱን ልጇን አንገትጌ በመስኮት ታስተካክላለች።

"እንዴት መጣች?" አለች እትዬ ሹፌር።

"እኔ አመጣኋታ!" አለ ሪስታርት፤ ፊቱ በርቷል። "ሽማግሌውን በጠዋት ከቤቱ ቀስቅሼ፣ ሌላ ጋራዥ ልወስዳት ነው ብዬ አወጣኋት። ዕቃ ሊሸጥልሽ ፈልጎ ነው ያስፈራራሽ። ሰፈሩን ዞርኩባት፣ ሽርር ነው የምትለው! መብራት የለ፣ ምን የለ።"

"አጠፋኸው።"

"አጠፋሁት፣ አልበራም። ታዲያ ዳነች ማለት አይደለም?"

እትዬ ሹፌር ወደ መንትዮቹ እናት ዞረች። "ልጆችሽን አውርጃቸው። መኪናዋ ተበላሽታለች። መሃል ድልድይ ላይ ልጆችሽን ይዤ ቆማብኛለች፤ ደጋግማ። ሳልነግርሽ መቆየቴ ጥፋቴ ነው፣ አሁን ግን እየነገርኩሽ ነው፤ አውርጃቸው።"

የመንትዮቹ እናት ፈገግ ብላ ትከሻዋን ዳበስ አደረገቻት። "አይዞሽ የኔ እናት። ባለቤትሽ ነግሮኛል እኮ።"

"ምን ብሎ?"

"ትንሽ እንደምትጨነቂ። ለሁላችንም ነው የነገረን፣ ቆየ እኮ። እኔም መንዳት ስጀምር እንዳንቺ ነበርኩ፤ ያልፋል።"

ለካስ የሚያጠፋው መብራቱን ብቻ አልነበረም። እሷ አንድ ቀን የምትናገረውን ነገር፣ ገና ሳትናገረው፣ በር ለበር እየዞረ አጥፍቶት ኖሯል። በደግ ልብ! ይሄ ነው እንግዲህ ደሟን ያፈላው፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

"ደክሟት ነው" አለ ሪስታርት ለሴትየዋ፣ እሷ የሌለች ይመስል። "ዛሬ እኔ አደርሳቸዋለሁ።" መሪው ኋላ ገብቶ በሩን ዘጋ። መኪናዋ እንደ ልማዷ ያለ ድምፅ ንቅንቅ አለች።

እትዬ ሹፌር ሮጣ ከመኪናዋ ፊት ቆመች። ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ወልቆ ቀርቷል። ሪስታርት ፍሬን ያዘ።

"ዞር በይ፣ ሰው እያየን ነው!"

"ይየን!"

"አብደሻል እንዴ?"

"አዎ፣ አብጃለሁ! ለሰፈሩ ነግረህ የለ? እብድ ደግሞ አይጠየቅም። ረግጠኸኝ እለፍ እንጂ እነዚህን ልጆች ይዘህ ከዚህ አትነቃነቅም!"

ክላክስ አደረገ። አልተነቃነቀችም። የመንትዮቹ እናት ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሴትየዋ ስለ ፓምፕ ምንም አላመነችም ይሆናል፤ ግን ሰው አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ መኪና ፊት እንደዚያ ቆሞ ካልተነቃነቀ አንድ ነገር ቢኖር ነው ብላ መሰለኝ፣ የኋላውን በር ከፈተች። "ኑ፣ ውረዱ። ውረዱ ብያለሁ!" መንትዮቹ እያለቃቀሱ ወረዱ። የመድኃኒት ቤቷ ልጅም ተከተላቸው። ሚጡ አባቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ ቀበቶዋን ፈታች።

ሪስታርት ፊቱ ደም ለበሰ። "እሺ! እሺ! ባዶዋን ወስጄ ድልድዩን ደርሼ እመለሳለሁ፣ ያኔ ታፍሪያለሽ!"

"ድልድዩን እንዳትወጣ! ስማኝ፣ አንተ ሰውዬ! ድልድዩን እንዳትወጣ!"

መሪውን ጠምዝዞ በጎኗ ሾልኮ ሄደ።

አሁን እንግዲህ ጭንቀት ከፈለጋችሁ ይሄ ነው። ልትሮጥ አሰበች፣ ልጆች አሉ። ልትደውል ሞከረች፣ ዘጋባት። ታክሲ ብትጠብቅ የለም። የመንትዮቹ እናት ሥራ ረፍዶባት ልጆቿን በእትዬ ሹፌር እጅ ጥላ ሄዳለች። "በእግራችን ነው የምንሄደው፣ ያዙኝ" አለቻቸው ልጆቹን። ሁለቱን በግራ፣ ሁለቱን በቀኝ ይዛ ወደ ድልድዩ ገሰገሰች። "እትዬ ሹፌር፣ ቀስ በይ!" ይላሉ ልጆቹ። ቀስ ማለት አልሆነላትም። በየእርምጃው አንዴ ትረግመዋለች፣ አንዴ ትጸልይለታለች፣ እንደገና ትረግመዋለች።

ከድልድዩ ዳር፣ ከብረት አጥሩ ወዲህ ያለውን የእግረኛ መንገድ ይዘው ሲወጡ ክላክሱ ቀድሞ ተሰማ። ከዚያ እየተጠማዘዙ የሚያልፉ መኪኖች። ከዚያ ከአናቱ ትንሽ መለስ ብሎ፣ መሃል መንገድ ላይ፣ የእሷ መኪና አራቱንም ፍሬቻ እያርገበገበች ተገትራለች። ሰው አይታይም፤ አለ፣ ውስጥ ነው፤ መሪው ላይ ተደፍቷል። ስልኳ ጮኸ።

"ሄሎ" እንኳ አላለም። "በራ" አለ ሪስታርት። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል። "በርቷል መብራቱ። ነዳጅ እረግጣለሁ፣ እሺ አትልም። አላጠፋሁትም፣ ስሚኝ፣ አላጠፋሁትም። እንድታዪው ብዬ ነው የተውኩት። ነይና እዪው።"

"ውረድ!"

"መጥተሽ እስክታዪው..."

"አይቼዋለሁ! ስንቴ ልየው? አይቼው ነው የነገርኩህ! ውረድ ከመኪናው! ሲሚንቶ የጫነ ይመጣል፣ ውረድ፣ አጥሩን ዝለል፣ ቶሎ በል!"

በሩ ተከፈተ። ሪስታርት ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ወጣ፣ ተደናቀፈ፣ የብረት አጥሩን በሆዱ ተሻግሮ የእግረኛ መንገዱ ላይ ወደቀ። የጭነት መኪናው ሹፌር ፍሬኑን ሲይዝ ጎማዎቹ ጮሁ፤ ምስኪኑ ሰውዬ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። ግን ያን ሁሉ ጭነት በዚያች ርቀት ማን ያቆመዋል? የመኪናዋን ኋላ አገኘው። ትልቅ ድምፅ አልነበረም፤ ቆርቆሮ ሲጨፈለቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። የኋላ መስታወቱ ረገፈ፣ የኋላ ወንበሩ ከፊተኛው ጋር ተጣበቀ።

ሹፌሩ ከላይ ወርዶ "ሰው አለ? ውስጥ ሰው አለ?" እያለ ይሮጣል። "የለም!" ብላ ጮኸችለት እትዬ ሹፌር። "ማንም የለም! ባዶ ናት!" ልጆቹን አንድ ላይ ሰብስባ ቀሚሷ ላይ ለጠፈቻቸው፤ ራሳቸውን አንድ በአንድ ዳሰሰች። አራት ናቸው። ሁሉም አሉ። ሪስታርት እዚያ ማዶ፣ ጉልበቱ ተልጦ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጦ የተጨፈለቀውን ወንበር ያያል። ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነው።

ትንሹ መንታ ከቀሚሷ ውስጥ አንገቱን አወጣና ጣቱን ቀሰረ።

"እትዬ ሹፌር፣ እዚያ ጋ እኮ የኔ ቦታ ነው" አለ።

ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ሪስታርትም ሰማው።